ጉሎው የነበረበት ቦታ

አያቴ ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ ያሳደጉትን ጉሎ አባጨጓሬ ሲበላው ደስ ይላቸው ነበር። «ተዉት ይብላ፤ ነገ የእሳት እራት ይሆናል። ከዚህ እስከ ቡልጋሪያ ሰፈር ጉሎ ባለበት ሁሉ አለ፤ ከጉሎ ሌላ ምግብ አያውቅም» ይሉን ነበር።

ሊያርፉ ሰሞን የአጎቴን እጅ ይዘው፣ «ጉሎዬን አደራ» አሉት።

«እሺ አባባ፣ ማንም አይነካውም» ብሎ ማለላቸው።

ባረፉ ጠዋት ግቢው ለእድሩ ድንኳን ጠበበ ተባለ። ጉሎውን ከሥሩ የቆረጠው ራሱ አጎቴ ነው። አስከሬናቸው እኮ ገና ከቤት አልወጣም!

«ታዲያ ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ይቀመጥ?» አለኝ።

ከሠልስት በኋላ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ ጉሎው በነበረበት በኩል ሸራው ላይ የእሳት እራት እንቁላል ተደርድሮ አየሁ። አጎቴ አራግፎ አጠፈው።

«ቶሎ እንመልሰው፤ የእድር ዕቃ አደራ ነው» አለኝ።