ሞንታርቦው አጠገብ ያለው ወንበር

ግልፍተኛ መሆኔን እዚህ ቃሊቲ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። የመዘምራን መሪ ያደረጉኝ ሰዎች ግን ይህን ያወቁ አይመስለኝም፤ ካወቁም መዝሙሩ ያለዝባታል ብለው ይሆናል። አላለዘበኝም። በተለይ መዝሙር ሲጎተት ደሜ ይፈላል።

የሉተራን ቤተ ክርስቲያናችን ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ነው የተሠራችው። እሑድ ጠዋት ቄሳችን "እንጸልይ" ሲሉ አንዱ ከባድ መኪና ክላክሱን ይለቀዋል፤ ለምደነዋል፣ አሜን የምንለው መኪናው ካለፈ በኋላ ነው። በሩ ሥር ያለው የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር የቸኮሉ ሰዎች ነው። ማረሚያ ቤት የሚጠይቁት ዘመድ ያላቸው ሰዎች የምግብ ሳህናቸውን በፌስታል አስረው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡና፣ መጠየቂያ ሰዓቱ ሲደርስ ቀስ ብለው ይወጣሉ።

ከፊት ረድፍ፣ በግራ በኩል፣ ከትልቁ የድምፅ ማጉያ፣ ከሞንታርቦው አጠገብ ደግሞ አንድ አዛውንት ይቀመጡ ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ላይ የሠሩ ናቸው። ባለቤታቸው በቀኝ በኩል ከሴቶቹ ጋር ይቀመጣሉ። አዛውንቱ መዳፋቸውን ሞንታርቦው ላይ ጣል አድርገው፣ ራሳቸው የገዙት ይመስል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዘምራሉ። ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ ያምራልም። ችግሩ፣ ሁልጊዜ ከሁላችን ግማሽ ምት ወደ ኋላ ናቸው። ከመጽሐፉ በቁጥር እየተጠሩ የሚዘመሩትን የድሮዎቹን መዝሙሮች ስንዘምር ማንም ልብ አይለውም፤ መዝሙሮቹ ራሳቸው ዝግ ያሉ ናቸው። ኪቦርድ ከተገዛ በኋላ ግን ጉዱ ወጣ። የኪቦርድ ሪትም ማንንም አይጠብቅም። እኛ "ሉያ" ላይ ስንደርስ እሳቸው ገና "ሃሌ" ላይ ናቸው፤ አጠገባቸው ያሉትም እሳቸውን ይከተሉና የግራው ረድፍ በሙሉ ተጎትቶ ይቀራል።

ሦስት ወር ያህል ቻልኩት። ለእኔ ብዙ ነው። በመጨረሻ አንድ እሑድ አምልኮው ሳይጀመር ጠጋ አልኳቸው። ሰው እንዲቀየመኝ ስለማልፈልግ ውሸቴን በማር ለውሼ አቀረብኩ።

"አባባ፣ ይሄ ሞንታርቦ እኮ ጆሮዎን ይጎዳዎታል። ከኋላ ይሻልዎታል።"

አፌን ትክ ብለው አዩት። "እሺ ልጄ" ብለው ተነሱ። ሄደው ሳህን ከያዙት ሰዎች አጠገብ ተቀመጡ።

የዚያን ቀን መዝሙሩ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ኪቦርድ ተጫዋቹ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ደስ አለኝ፤ ዛሬ ላይ ሆኜ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ። ወደ ኋላ ሳይ አዛውንቱ ቆመዋል፣ የመዝሙር መጽሐፋቸውን ገልጠዋል፣ አፋቸው ግን አይንቀሳቀስም። ደክሟቸው ይሆናል አልኩ። በሚቀጥለው እሑድም አፋቸው አልተንቀሳቀሰም። በሦስተኛውም። ሰው ሦስት እሑድ ሙሉ እንደማይደክመው አውቃለሁ፤ መዝሙሩ ስላማረልኝ ግን አልጠየቅኳቸውም።

በአራተኛው እሑድ ቅዱስ ቁርባን ነበር። ጉባኤው ተሰልፎ ወደ ፊት ሲመጣ እኛ መዘምራኑ ከድሮዎቹ መዝሙሮች አንዱን እንዘምራለን። አዛውንቱ ተራቸውን ጠብቀው መጡ። ሞንታርቦው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። መዳፋቸውን ላዩ ላይ አሳረፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑና መዘመር ጀመሩ። ሰልፉ ቆመ። ቄሱ ኅብስቱን እንደያዙ ይጠብቃሉ። እኔ በእጄም በዓይኔም "ይለፉ፣ ይለፉ" እላለሁ፤ በተጨፈነ ዓይን ማን ሊያየኝ! አንዱን አንቀጽ እስከ መጨረሻው ዘመሩት፤ ግማሽ ምት ወደ ኋላ፣ እንባቸው እየወረደ። ከዚያ እጃቸውን አንስተው ወደ ቄሱ ሄዱ።

አምልኮው ሲያልቅ ባለቤታቸውን በር ላይ ያዝኳቸው። ልወቅስ ነበር የሄድኩት፣ እውነቱ ይሄ ነው።

"እማማ፣ አባባ ዛሬ ምን ሆነው ነው ሰልፉን ያቆሙት?"

"ናፍቆት ነዋ ልጄ" አሉኝ። "ጆሮው እኮ የለም። ያ ማሽን በልቶታል። ወሬ የሚሰማው የሰው አፍ እያየ ነው፤ መዝሙሩን ደግሞ በእጁ። ምቱ እጁ ላይ ሲደርስ ይከተላል። ከኋላ ሆኖ ምኑን ይስማ?"

"ታዲያ ለምን ወደ ኋላ ሄዱ ብለው አልጠየቋቸውም?"

"ጠይቄዋለሁ። ቦታው ለእንግዳ ተፈልጎ ነው አለኝ።"

ውሸቴን ከአፌ ላይ አንብበው፣ ባለቤታቸው እንዳይቀየሙኝ በሌላ ውሸት ሸፍነውልኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሰው ድምፅ ነው፣ ይለቀም አይለቀም አላውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ራሴን ስሰድብ ሰነበትኩ። እንደገና አይመጡ ይሆን የሚለው ሐሳብ ደግሞ ከስድቡ ይብስ ነበር።

እሑድ ማንም ሳይደርስ ሄድኩና ወንበራቸውን ወደ ሞንታርቦው አስጠግቼ፣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። መጡ። እንደ ልማዳቸው ወደ መጨረሻው ወንበር ሲያመሩ እጃቸውን ይዤ ወደ ፊት ወሰድኳቸው። ወንበሩን አዩት፤ እኔን አዩኝ። አፌን ሳልከፍት ፈገግ አሉ።

"ልጄ፣ ጆሮዬን እንዳይጎዳው?"

እንዲያነቡት አፌን ቀስ አድርጌ ከፍቼ "ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። አላስጨረሱኝም። መዳፋቸውን ሞንታርቦው ላይ ጣል አድርገው፣ "በይ ጀምሪ፣ ሰው እየጠበቀ ነው" አሉኝ።

ኪቦርድ ተጫዋቹን ሪትሙን እንዲያጠፋው ነገርኩት። ግራ ገብቶት አየኝ፤ አጠፋው። ኪቦርዱ መግቢያውን ሲጀምር እጄን አነሳሁ። ዓይኔ ግን በአዛውንቱ አፍ ላይ ነበር፤ እሳቸው "ሃሌ" እስኪሉ እጄን አላወረድኩም።