አንገቱ የእኔ ነው

ዶክተሩ ጡረታ ሲወጡ መቱ ላይ የሽኝት ፕሮግራም ተዘጋጀላቸው። ጋቢ አለበሷቸው። ከዚያ ተናጋሪው ሁሉ እየተነሳ ቁጣ የማያውቁ፣ አንጀታቸው ለሰው የሚራራ አባት አደረጋቸው። እኔ ከኋላ ቆሜ ስሰማ ሌላ ሰው የሚሸኙ መሰለኝ። ሰውዬው ቁጡ ነበሩ፤ ያውም ግንባራቸውን ሲቋጥሩ የሆስፒታሉ ዋርድ በሙሉ ጸጥ የሚል። ለምን እንደምናከብራቸው ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ማይኩን ለእኔ የሚሰጠኝ ስላልነበረ እዚህ እጽፈዋለሁ።

የተወለዱት ጎሬ ነው። አዲስ አበባ ተምረው፣ እዚያው ለዓመታት አስተምረው፣ ሰው የሚመኘው ቦታ ላይ ከደረሱ በኋላ ወደዚህ ተመለሱ። ምን አጥፍተው ነው የተባረሩት ተብሎ ተወራ፤ በፈቃዱ የሚመለስ ሰው አለ ብሎ የሚያምን የለማ። እሳቸው ሥራቸውን ያዙ። ጠዋት ኦፕራሲዮን ያደርጋሉ፣ ከሰዓት ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ከአልጋ አልጋ ይዞራሉ። ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ከዛፍ የወደቀው የሁሩሙ ሰው ሁሉ በእሳቸው እጅ አልፏል። በዙሪያችን ባሉት ከተሞች ቀዶ ጥገና የሚሠሩት ወጣት ሐኪሞች ብዙዎቹ የእሳቸው ተማሪዎች ናቸው።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ተማሪው ለታማሚው ምን እንደሚደረግለትና ምን ሊበላሽ እንደሚችል፣ ታማሚው በሚሰማው ቋንቋ ይነግረዋል። ታማሚው ደግሞ ያንኑ መልሶ ለዶክተሩ ይናገራል። ካልተናገረ ምላጭ አይነሳም። ኦሮምኛ የማይችል ተማሪ የጽዳት ሠራተኞቹን እየለመነ ይማራት ነበር።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የሰው ሱቅ ስጠብቅ ነው እንቅርቴ ያደገው። መጀመሪያ ሻርፕ ሸፈነው። በኋላ ስተኛ ማነቅ ጀመረኝ። ያሳደገኝ አጎቴ፣ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ሰው፣ ሆስፒታል አስገባኝና ተማሪውን ሐኪም ወደ ኮሪደር ጎትቶ አነጋገረው። ምን እንደተባባሉ ያኔ አላወቅኩም። ተማሪው ተመልሶ አልጋዬ አጠገብ ቁጭ አለና ስለ አቆራረጡም፣ ስለ ስፌቱም፣ ከትከሻዬ ሥር ስለሚደረገው ትራስም በደንብ አስረዳኝ።

ከሰዓት ዶክተሩ መጡ። «ንገሪኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ወደ ተማሪው ዞሩ። ተማሪው ወደ አጎቴ አየ።

«ዶክተር፣ እኔ ነኝ አትንገራት ያልኩት» አለ አጎቴ። «ድምፅሽ ሊጠፋ ይችላል ከተባለች ትሸሻለች። አባቷም እናቷም እኔ ነኝ፤ እኔ ከሰማሁ ይበቃል።»

«አንገቱ የእርስዎ ነው?»

ከያዮ የመጣችው የጎን አልጋ ሴትዮ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። አጎቴ አልሳቀም።

እዚህ አገር ለታማሚ ክፉ አይነገርም። መርዶ እንኳ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ ነው የሚነገረው። ተማሪው ጥሩ አድርገው ያሳደጉት ልጅ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲለምነው እሺ አለ። ዶክተሩ ግን ጥሩ አስተዳደጉን እዚያው በሰው ፊት ተቆጥተው አራገፉለት። የነገው ኦፕራሲዮን ቀረ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ ድምፅ የሚያወጣው ጅማት እንቅርቱ ላይ እንደተለጠፈ፣ ከተነካ ድምፄ ሊሻክር ወይም ጭራሽ ሊጠፋ እንደሚችል ነገሩኝ። አላባበሉኝም። በሁሉም ተናደድኩ፤ በእሳቸውም ጭምር።

አጎቴ ልብሴን ሰብስቦ እንሂድ አለ። ድምፅ የሌላትን ሴት ማን ያገባታል ሲለኝ፣ ድምፅ እያለኝም በሽማግሌ የመጣ የለም አልኩት። የያዮዋ ሴትዮ አሁንም ሳቀች። ፈርቼ ነበር። ሱቅ ውስጥ የምከበረው በዚህ አፌ ነው፤ አፌ ከተያዘ ምን እንደምሆን አላውቅም። ግን ታንቄ መሞትም አልፈለግኩም፤ ሌላ ሰው ወስኖልኝ መዳንም እንደዚያው።

ተማሪውን ጠርቼ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ አጎቴ እየሰማ፣ ምንም ሳያስቀር እንዲነግረኝ አደረግኩ። በማግስቱ ዶክተሩ ሲመጡ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳቸው።

«ድምፄ ሊሻክር ይችላል። ሊጠፋም ይችላል። ፈርቻለሁ። ይውጣልኝ።»

ጎበዝ አላሉኝም። ለተማሪው «ሰማህ?» ብለው አለፉ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ስነቃ ዶክተሩ ራስጌዬ ቆመዋል። «ዱበዹ» አሉኝ በኦሮምኛ፣ ተናገሪ። ጉሮሮዬ እንደ ቆሰለ ነው። አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ ከንፈሬን ያያል።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ» አልኳቸው።

የወጣው ወፍራም፣ የተሰነጠቀ፣ የማላውቀው ድምፅ ነው። አጎቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዶክተሩ ከዋርዱ ሲወጡ ግንባራቸው እንደተቋጠረ ነበር።

ድምፄ ከዚያ በኋላ አልጠራም። ስልክ ላይ ወንድሜ ይሉኛል። ሱቅ የሚመጡ ሴቶች ከንፈር እየመጠጡ፣ ምን አድርገውሽ ነው እህቴ ይሉኛል። በዚሁ ሻካራ ድምፅ እመልስላቸዋለሁ፤ ማንም ምንም አላደረገኝም፣ ተነግሮኝ፣ አውቄ፣ በራሴ አፍ እሺ ብዬ ነው የገባሁት። ከዚያ የሚገዙት ካለ እጠይቃቸዋለሁ።