ልብስ ሰፊዋ የገጠመችው ፔዳል

ልብስ ሰፊዋ ሰውን የምታነበው ከትከሻው ነው። ደንበኛ የሱቋን በር አልፎ ገና ሰላምታ ሳይሰጥ፣ የግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ማለቱን አይታ ጨርሳለች። ባልዋ በዚያ እሁድ ከልምምድ ተመልሶ ጊታሩን ከበሩ ጀርባ ሲያቆም ሁለቱም ትከሻዎቹ ወርደው ነበር።

«ማን ነካህ?» አለችው መርፌዋን ከከንፈሯ ሳታነሳ።

«ማንም።»

«ይሄ ማንም የምትለው ሰውዬ ከበሮ ይመታል እንዴ?»

ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

ባልዋ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። በየፌርማታው «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ሲል ስለሚውል ተሳፋሪው ሁሉ «ቀስ በሉ» ብሎ ይጠራዋል። ቅዳሜ ማታ ግን ሰዎች በሚጨፍሩበት አዳራሽ ከአንድ ትንሽ ባንድ ጋር ጊታር ይጫወታል፤ ባንዱን የሚመራው ሽማግሌው ከበሮ መቺ ነው። በቅርቡ የመጣው ኪቦርድ ተጫዋች ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ድምፅ ማጉያዎች ይዞ ስለመጣ፣ የሾፌሩ ጊታር ገበያ መካከል እንደሚያወራ ዓይን አፋር ሰው ሆኖ ቀርቷል።

«ሽማግሌው ድምፅህ ከሳ አለኝ» አላት ጫማውን እያወለቀ። «ድምፅ ስጨምርበት ይጮሃል እንጂ አይወፍርም። በሚመጣው እሁድ አንድ ወጣት ይመጣል። ፔዳል ያለው ነው። ሁለታችንንም ሰምተው አንዳችንን ያስቀራሉ።»

ሰፊዋ መርፌዋን አስቀመጠች። ይህ ሰው ጊታር ሳይዝ ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ አንድ ጊዜ ጣቱ ተሰብሮ ከባንዱ በራቀበት ወራት ቤት ውስጥ በር ሲዘጋ እንኳ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር።

«ያ ቁም ሣጥን ላይ የወረወርከውስ?»

ቁም ሣጥኑ ላይ አቧራ የጠጣ ካርቶን አለ። በውስጡ ያልተገጠመ ፔዳል፣ ማለትም አንድ ባዶ የብረት ሣጥን፣ አንድ ቀዳዳ የበዛበት ቦርድና በላስቲክ የታሸጉ ጥቃቅን ዕቃዎች ተቀምጠዋል። ኦቨርድራይቭ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ተገጥሞ ሲያልቅ በጊታሩና በማጉያው መካከል መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ተጫዋቹ በእግሩ ሲረግጠው ቀጭኑ ድምፅ ወፍሮ፣ ትንሽ ሻክሮ ይወጣል። ሾፌሩ ሊገጥመው ሞክሮ አውራ ጣቱን አቃጥሎ ትቶታል። የመንገድ ምልክት ከሩቅ የሚያነበው ዓይኑ፣ አፍንጫው ሥር ያለውን አያይም።

«እኔ ልግጠመው።»

«አንቺ? ይሄ እኮ ኤሌክትሪክ ነው፣ እመቤቴ።»

«ምነው፣ የኔ ማሽን በጸሎት ነው እንዴ የሚሠራው?»

በማግስቱ ካርቶኑ ሱቅ ገባ። በምሳ ሰዓት፣ የተቆራረጠው ጨርቅ ወደ ጎን ተገፍቶ፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዕቃው ተዘረገፈ። ሱቁ ውስጥ ቁልፍ የምትተክለው የባልዋ እህት አንገቷን አሰገገች።

«እቴ፣ የጉንዳን ሬሳ ነው እንዴ የምትለቅሚው?»

«የወንድምሽ ድምፅ ነው። አታስነጥሺበት።»

ከሩዝ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡት፣ ሬዚስተር የሚባሉት፣ ወገባቸው ላይ የቀለም ቀለበት አላቸው። የትኛው የት እንደሚገባ የሚናገረው ቀለበቱ ነው። ቡናማውን ከቀዩ፣ ቀዩን ከብርቱካናማው መለየት ብዙ ሰው ያደናግራል፤ እሷ ግን ሁለት ጥቁር ክሮችን በር ላይ አውጥታ «ይሄኛው ወደ ሰማያዊ ያደላል» የምትል ሴት ናት። እየለቀመች በመደዳ ደረደረቻቸው። ዓለም ለካ እንዲህ ያለ ቀጭን መቀነት ታጥቃ ነው የምትዘፍነው!

መበየጃው ሲግል የመጀመሪያውን ዕቃ እግሮች በቀዳዳዎቹ አሳልፋ፣ ሽቦ የመሰለውን እርሳስ አስጠጋች። እርሳሱ ቀለጠ፣ ጠብ አለ፣ እግሩን እቅፍ አድርጎ ጤዛ መስሎ አበራ። ሰፊዋ ትንፋሿን ውጣ ቀረች።

«አየሽ?» አለች። «ራሱ ይቋጠራል! ክር እንዲህ ቢሆን ኖሮ እኔና አንቺ ይሄኔ ጡረታ ወጥተን ነበር።»

እየቆየች እጇ ገባላት። ቀን በቀን ምሳዋን እየጎረሰች ትበይዳለች፣ ደንበኛ ሲመጣ ጨርቅ ጣል ታደርግበታለች። መመሪያው ከቦርዱ በታች የተረፈውን የዕቃዎቹን እግር ከሥሩ ቁረጡ ይላል። እዚህ ላይ ግን ከመመሪያው ጋር አልተስማማችም። ልብስ ስትሰፋ ሁልጊዜ ማስፊያ ትተዋለች፤ ልብሱ ሲጠብ የሚፈታ፣ ከውስጥ የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ ነው። ሰው ይወፍራል፣ ልጅ ያድጋል፣ ማስፊያ የሌለው ልብስ በሷ ዘንድ ጭካኔ ነው። ስለዚህ ረጃጅሞቹን እግሮች አንዱ አንዱን ሳይነካ በቦርዱ ጀርባ ላይ አጣጥፋ አስተኛቻቸው። ከሠራችው ሁሉ የሚያምረው ያ ነበር።

«አልቆረጥሽውም እኮ» አለች የባልዋ እህት።

«ምናልባት አንድ ቀን መፍታት ቢያስፈልግስ?»

እሁድ ጠዋት፣ ክዳኑ ገና ሳይገጠም፣ ቤት ውስጥ ሞከሩት። ሾፌሩ አንድ ክር ነካ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና ያንኑ ክር ደጋግሞ ነካው፣ ሌላ ነገር መጫወት የረሳ ይመስል። ሰፊዋ ክዳኑን በብሎኖቹ አጥብቃ ዘጋች፤ ፔዳሉንም በተራፊ ገበር ጠቀለለችው።

ልምምዱ የሚካሄደው አሮጌ የጎማ መጋዘን ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስት አብረው ገቡ።

«ሚስትህን ለምስክርነት አመጣሃት?» አለ ከበሮ መቺው።

«ሸሚዝዎን ልለካ ነው የመጣሁት ጋሼ። ቁልፎቹ ሊያመልጡዎት ነው» አለች ሰፊዋ፤ መጋዘኑ በሳቅ ሞላ።

መጀመሪያ ወጣቱ ተጫወተ። ጥሩ ነበር፤ ሰፊዋ ጥሩ እንዳይሆን ስትመኝ ራሷን ያዘችና አፈረች። ከዚያ ሾፌሩ ተነሣ፣ ገመዶቹን ሰካ፣ ፔዳሉን ረገጠ።

ጸጥ።

እግሩን አንስቶ ደግሞ ረገጠ፤ የድሮው ቀጭን ድምፅ መጣ። ሌላ ጊዜ ሲረግጥ ጸጥ።

«እስካሁን ከስተህ ነበር» አለ ከበሮ መቺው፣ «አሁንስ ጭራሽ አረፍክ!» ኪቦርድ ተጫዋቹ ሳቀ። ሾፌሩም አብሮ ለመሳቅ ሞክሮ አልሆነለትም። «በል ግድ የለም፣ ያለሱ ተጫወትና እንገላገል» አለው ሽማግሌው።

ያለሱ ከተጫወተ ያለቀለት መሆኑን እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ሊነቅል ሲል ሰፊዋ «አንዴ!» ብላ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች።

ክዳኑን ፈታች። ሠራ። ዘጋችው፤ ዝም አለ። እንደገና ፈታችና የክዳኑን የውስጥ ገጽ ወደ ብርሃን አዞረች። ብረቱ ላይ አዲስ የተጫሩ፣ እንደ ጥልፍ የተደረደሩ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ያስተኛቻቸው እግሮች ናቸው! ክዳኑ ሲዘጋ እየነካቸው፣ ድምፁ ወደ ማጉያው መሄዱን ትቶ በብረቱ እየፈሰሰ ይጠፋል።

«ጠቦታል» አለች ለባልዋ ቀስ ብላ። «ማስፊያ የተውኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። መቁረጫ ያለው ሰው አለ?»

«የጎማ መፍቻ አለ» አለ ከበሮ መቺው።

«እሱን ለሸሚዝዎ ያቆዩት፣ ጋሼ።»

ቦርሳዋን ከፍታ መቀሷን አወጣች። ሾፌሩ ደነገጠ። በዚያ መቀስ ወረቀት የቆረጠ ሰው ከሱቅ ይባረራል፤ እሱ ራሱ አንዴ የጊታር ክር ቆርጦበት ሳምንቱን ሁሉ ተኮርፏል።

«ተይ እንጂ! ስለቱ ይሄድብሻል!»

«ዝም በልና ብርሃን አብራልኝ።»

ቆረጠች። ጣ፣ ጣ፣ እያለ ሽቦው ሲሚንቶው ላይ ይረግፋል፤ በየቁርጡ ስለቱ ጥርስ ሲያወጣ በጣቶቿ ይሰማታል። ሰው ይወፍራል፣ ልጅ ያድጋል ስትል የኖረች ሴት፣ የማይሰፋና የማይጠብ፣ እንዲሁ በልኩ የሚኖር ነገር ስትሠራ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። ክዳኑን አጥብቃ ተነሣች።

ሾፌሩ ረገጠ።

የመጣው ድምፅ ጩኸት አልነበረም። ወፍራም፣ ትንሽ የሻከረ፣ ገና ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ለሚወደው ሰው የሚያወራበት ዓይነት ድምፅ ነበር። የተደረደሩት ጎማዎች አብረው የተነፈሱ መሰሉ። ኪቦርዱ ገባ፤ ጊታሩ አልሰመጠም። ከበሮ መቺው ማንም ሳይነግረው ዱላዎቹን አንስቶ ነበር፤ ዘፈኑ መሐል ላይ ዝግ ሲል ጊታሩም አብሮት ዝግ አለ፣ ሲፈጥን ፈጠነ።

ሲጨርሱ ሽማግሌው ላቡን ጠርጎ ወደ ወጣቱ ዞረ።

«የኔ ልጅ፣ እጅህ ግሩም ነው። የትም ትሠራለህ። እኔ ግን ክንዴ አርጅቷል፤ ሲደክም ቀድሞኝ የሚያውቀው ይሄ ሰውዬ ብቻ ነው። እስካሁን ድምፁ አይሰማኝም ነበር እንጂ።» ከዚያ ሾፌሩን ቆጣ ብሎ «አንተ፣ ቅዳሜ እንዳታረፍድ!» አለው።

ወጣቱ ቅር እንዳለው ቢያስታውቅም መጥቶ ሾፌሩን ጨበጠው፤ ፔዳሉንም አገላብጦ አይቶ ለሰፊዋ አቀበላት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ፀሐይዋ ገና አልገባችም። ሾፌሩ ጊታሩን በጀርባው አዝሏል፣ ፔዳሉ ሚስቱ ብብት ውስጥ ነው።

«አምጪ ልያዝልሽ።»

«አንተ ጊታርህን ያዝ።»

«የኔ እኮ ነው!»

«ቅዳሜ ትረከበዋለህ።»

ትንሽ ሄዱ። «መቀስሽን ነገ አስሞርድልሻለሁ» አለ።

ሰፊዋ ሐሳቧ መቀሱ ላይ አልነበረም። ይህን ያህል ዘመን አብራው ኖራ፣ ባንዱ መካከል እጁ የሚለውን ለይታ የሰማችው ዛሬ ነው።

«ያ መጨረሻ ላይ የያዝከው፣ እንዲያ የሚንቀጠቀጠው ድምፅ» አለችው፣ «ለምን ቶሎ ለቀቅከው? ትንሽ ብትቆይበት ምን ነበር?»

ሾፌሩ የእግረኛ መንገዱ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ስለሚጫወተው ነገር እንዲህ ብላ ጠይቃው አታውቅም። ጣቶቹን አየር ላይ ዘርግቶ የቱን ክር በየት በኩል እንደያዘ ያስረዳት ጀመር፤ መንገደኛው ግራና ቀኝ እያለፋቸው ይሄዳል፣ እሷም ፔዳሉን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» ትለዋለች።