ሰላምታ የተከለከለበት ሩጫ

ሩጫውን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ ሕጉን ያወጣሁትም እኔ ነኝ። መርሳ ላይ ዛሬም ወሬው ሲነሳ «የመምህሩ ሩጫ» ነው የሚባለው። ሰውዬው ፊሽካ ከመንፋት በቀር የሠራው ነገር የለም፤ ሆኖም አንድም ቀን አላረምኳቸውም። ፈሪ ሰው ስሙን ሲረሱለት ደስ ይለዋል።

ሦስት ጓደኛሞች ነበርን። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፣ አንደኛው ስፖርት ያስተምራል፣ ሌላኛው ልብስ ሰፊ ነው። ትልልቁን የጎዳና ሩጫ በቴሌቪዥን እያየን ስንቀና ከረምንና አንድ ቀን «እኛስ እግር የለንም?» ተባባልን። ከማንም ምንም ሳንጠይቅ፣ ማንንም ምንም ሳናስከፍል የራሳችንን ሩጫ አዘጋጀን። ርቀቱን በባጃጅ ቆጣሪ ለካን። ልብስ ሰፊው ከአቡጀዴ ቁራጭ የደረት ቁጥር ቀደደ፣ እኔ በማርከር ጻፍኩበት። ውሃ በቢጫ ጀሪካን ቀዳን። አንደኛ ለሚወጣው ልብስ ሰፊው በልኩ ሸሚዝ ሊሰፋለት ቃል ገባ፤ ለሁለተኛው ጭብጨባ ይበቃዋል አልን።

የመጀመሪያው ሩጫ ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት፣ ወደ ሲሪንቃ አቅጣጫ ነበር። መሳቂያ ሆንን። በእኛ አገር ሰውን ዝም ብለህ አታልፍም። አንገት ነቅነቅ አድርጎ ማለፍም አይበቃም፤ እንዴት አደርክ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ፣ ሁሉም በየተራው ይጠየቃል፣ ለሁሉም አልሐምዱሊላህ ወይም እግዚአብሔር ይመስገን ይባላል። ልብስ ሰፊው ሁላችንንም ጥሎን ሲሄድ ዛፍ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «አሰላሙ አለይኩም» አሉት። ቆመ። ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ስሞ የአባቱን ጤንነት ሲነግራቸው እኔ ደረስኩ፤ እኔንም ያዙኝ። መምህሩን ደግሞ ከለቅሶ የሚመለሱ ሴቶች አገኙት፤ ከንፈሩን እየመጠጠ ጭራሽ አብሯቸው ወደ ኋላ ሄደ። አንደኛ የወጣው ከሩቅ አገር የመጣ፣ ማንንም የማያውቅ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነበር። ሸሚዙንም ወሰደ።

ሰው ሁሉ ሲስቅ የእኔ ደም ፈላ። ነገር ሲበላሽብኝ ሕግ ማውጣት እወዳለሁ። ለሁለተኛው ሩጫ ወረቀት አተምኩ፤ በትልልቅ ፊደል «በሩጫ ላይ ሰላም ያለም፣ ሰላምታ የመለሰም ከውድድር ይወጣል» ይላል። በየሻይ ቤቱ ለጠፍኩት።

ሁለተኛው ሩጫ የሆነው ጦርነቱ ወደ እኛ በሚገፋበት ክረምት ነው። ከቆቦ በኩል የተፈናቀሉ ሰዎች ፍራሻቸውን ተሸክመው ገብተው ትምህርት ቤቱን ሞልተውታል። ስልክ ጠፍቷል። ሰው ሥራው ላይ ተቀምጦ ጆሮው ወደ ሰሜን ነው፤ የመኪና በር ጠንከር ተደርጎ ከተዘጋ ግማሹ ገበያ ብድግ ይላል። «እንሩጥ» አልኩ እኔ። መምህሩ «በዚህ ጊዜ?» አለኝ። «ታዲያ ቁጭ ብለን እንፈንዳ?» አልኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ልብስ ሰፊው ግን አመነታ። ሚስቱ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ሐኪሙ ድንጋጤም ሸክምም ይቅርብሽ ስላላት ከከተማው ግርግር አውጥቶ በውርጌሳ መንገድ ዳር ካለው የእናቷ ቤት አስቀምጧታል። የሰውዬው ሐሳብ በሙሉ ያ ሆድ ነበር። ስለ ልጁ እያወራ ስንት ሱሪ አበላሽቶብናል። «ወደ ሲሪንቃ ከሆነ አልሮጥም፤ ክፉው ወሬ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው» አለን። ስለዚህ ወደ ደቡብ፣ ወደ ውርጌሳ እንዲሆን ተስማማን። መርሳ ብትያዝ አገር ሁሉ የሚሸሸው በዚያው መንገድ መሆኑ ከሦስታችን ለአንዳችንም አልታየንም።

በዋዜማው ቁጥሩን ስንቆርጥ ቀና አለና «ደጇ ላይ ስደርስ አንድ ቃል ብናገር ምን አለበት? ሩጫ ነው ልበላት ብቻ» አለኝ።

«አንድ ቃል ከተናገርክ ትወጣለህ።»

«እርጉዝ ናት እኮ፣ አንተ!»

«ቀድመህ ሄደህ አትነግራትም ነበር?»

«የአረፋ ልብስ ያላደረስኩለት ሰው አላላውስ ብሎኝ ነው። ሦስት ቀኔ ካየኋት።»

«እንግዲያ ችግሩ የራስህ ነው» አልኩት። ወደ መቁረጡ ተመለሰ። መቅደም ይፈልግ ነበር፤ ባለፈው ከሁላችን ይልቅ የተሳቀበት እሱ ነው።

ማለዳ ሃያ ሰባት ሆነን ተነሳን። ዝናቡ ቢያባራም ብርድ ስለነበር አብዛኞቻችን በደረት ቁጥራችን ላይ ሹራብ ደርበናል። መምህሩ ፊሽካውን ነፋ፤ ወረድን። ከከተማው ወጣ እንዳልን የመንገድ ዳሩ ሰው ከየቤቱ ብቅ አለ። «ሰላም ነው?» አሉን። ዝም። «ምን መጣ? የት ደርሰዋል?» ዝም። የሚያውቁን ሰዎች ናቸው፤ ሱሪያቸውን የሰፋንላቸው፣ ወረቀታቸውን ያባዛንላቸው። አንዲት ሴትዮ ለጎረቤታቸው ሽማግሌ «አንቱ! ኧረ እነዚህ ልጆች አፋቸው ተዘግቷል!» ብለው ሲጮሁ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ሳቄን አፈንኩ። እንዲህ ያለ ጨዋ ሩጫ አይቼ አላውቅም ነበር።

ልብስ ሰፊው ከእኔ ጥቂት እርምጃ ቀድሞኛል። ሚስቱ ደጇ ላይ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማ ነበር። በስሙ ጠራችው። አንገቱ ወደ እሷ ዞር ሲል አየሁና ከኋላው «ሕግ!» አልኩት። አንገቱን መለሰ። ሁለተኛ ጠራችው፤ ያን ጊዜ ድምጿ ሌላ ነበር። ባሏ እየሮጠ አለፋት።

መመለሻው ላይ የተከልነውን እንጨት ዞረን ስንመጣ መንደሩ ውስጥ ሰው የለም። በሮቹ ተበርግደዋል፣ ፍየሎች አስፋልት ላይ ይንከራተታሉ፣ ከአንዱ ቤት ያረረ ወጥ ይሸታል። ቀና ስንል ጋራው ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ተሰልፎ ይወጣል። የሚሸሹት የእኛን ሩጫ አይተው መሆኑ መጀመሪያ የገባው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁላችንም። እኔ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብዬ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። ልብስ ሰፊው ብቻ ሩጫውን ትቶ ወደ ጋራው ወጣ።

እግረ መንገዱ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ፣ አንድ ጫማዋን ጥላ ሆዷን አቅፋ ተቀምጣ አገኛት። «ትተኸኝ ሄድክ» አለችው። እሱ ምን እንደመለሰላት አልነገረኝም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። የሕጉን ነገር ለእሷ የነገራት እንደሆነም አላውቅም።

ልጁ አልተነካም። ለሁለት ቀን ዝም ብሎ ቆይቶ በሦስተኛው ቀን ተንቀሳቀሰ። እሷም አብራ ነፍስ ዘራች። ስኳር ይዤ ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ምላሷ ተመልሶላት አገኘኋት፤ ድሮም ምላሷ ስለት ነው። «ወላሂ፣ ከእንግዲህ እናንተ ስትሮጡ አይቼ ከዚህ ደጃፍ አልወርድም! ጥይቱ ራሱ መጥቶ ተነሺ ካላለኝ!» አለች። እናቷ «ተይ፣ አፍሽን በክፉ አትክፈቺ» አሏት። እኔ ሳቅኩ፤ እሷም ሳቀች። ከሳቅሽማ ታርቀናል አልኩና ሄድኩ።

ከሳምንት በኋላ ልብስ ሰፊው የምትወልድበት ክፍል ሊከራይላት ደሴ ሊሄድ ሆነ። መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት ሱቄ መጣ። «ሁለት ቀን ነው። አንድ ነገር ከመጣ ባጃጅ ይዘህ ሂድላት። በሰው ወሬ አትነሳም፤ አሁን እልህ ይዟታል። አንተ ክንዷን ይዘህ ብታነሳት ግን ትነሳለች። አደራ፣ የሰማይ የምድር አደራ» አለኝ። «በማርያም! እኔ እያለሁ?» አልኩት። ደስ ብሎት ሄደ።

በማግስቱ ጦርነቱ መጣ። የፈሩት ይደርሳል። ሳምንቱን ሙሉ በሩቁ ሲያጉረመርም የከረመው ከባድ መሣሪያ ከሲሪንቃ በኩል ቀረብ ብሎ ሲጮህ ሱቄን እንኳ አልዘጋሁም። ባጃጅ መፈለግ ነበረብኝ። ባጃጆቹ የሚቆሙት ግን ከከተማው በላይ፣ ድምፁ በሚመጣበት በኩል ነበር። እግሬ ወደዚያ እምቢ አለኝ። የለመደውን መንገድ ይዞ ወረደ። በሁለቱም ሩጫ ላይ ቀድሜ አላውቅም፤ ያን ቀን ከመርሳ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች አንዱ እኔ ነበርኩ።

ደጇ ላይ በርጩማ አውጥታ ምስር ትለቅማለች። እናቷ ውሃ ወርደዋል። ገና ከሩቅ ስታየኝ ፊቷ በሳቅ ተሞላ።

«ተነሺ! መጥተዋል! ተነሺ!» አልኳት።

«ዛሬስ ማን ቀደመ?» አለችኝ።

«የእውነት ነው የምልሽ! በማርያም!»

«ባለፈውም የእውነት ነበር» አለችና ሰፌዱን አራገፈች። «ሂድ ባክህ፣ ሌላ ሰው ይቀድምሃል።»

ይህን ሁሉ የተነጋገርነው እኔ ሳልቆም ነው። የመጀመሪያውን ቃል ስናገር ደጇ ላይ አልደረስኩም፤ የመጨረሻውን እሷ ስትናገር አልፌያታለሁ። ደቂቃ ብቆም ኖሮ፣ ክንዷን ብይዝ ኖሮ፣ ፊቴን ከቅርብ ብታየው ኖሮ ታምነኝ ነበር። ይህን ያኔም አውቅ ነበር። ሰው «በድንጋጤ ነው» ይል ይሆናል፤ እኔ ደንግጬ አልነበረም፣ ሒሳቤን አውቄ ነው። ስምንት ወር ተኩል የሆናትን ሴት ይዤ ብነሳ በእሷ እርምጃ ልሄድ ነው።

ደሴ ስገባ ልብስ ሰፊውን አልፈለግኩትም። ከተማው በተፈናቃይ ተሞልቷል፣ ማንም ማንን አያገኝም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በማግስቱ በጭነት መኪና ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ዘመዶቼ አለፍኩ። ወራት እዚያ ተቀመጥኩ። በላሁ፣ ጠጣሁ፣ እንቅልፍም ወሰደኝ።

መንገዱ ተከፍቶ መርሳ ስመለስ ሱቄ ባዶ ነበር። ስለ እሷ የነገረኝ መምህሩ ነው። እኔ ካለፍኩ በኋላ ፍራሽ የተሸከመ ሸሺ ሰው ሲመጣ አይታ ገብቷት ነበር፤ ግን ጥይቱ መንገዱ ላይ ደርሶ ስለነበር እናቷ ጎትተው አስገብተው በሩን ዘጉት። ምጡ የመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ጤና ጣቢያው ተዘርፏል፣ አዋላጇ ሸሽታለች። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሟት ቢወጣ ታጣቂዎቹ ከመንገድ መለሱት። ልጁ ሆዷ ውስጥ ሞተ። እሷም ደሙ አልቆም ብሏት በሁለተኛው ቀን ተከተለችው። ባሏ የተረዳው ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ መንገዱ ሲከፈት ነው።

ለቅሶ ሄድኩ። ልብስ ሰፊው ከእናቷ ቤት ሰሌን ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ አጥንት ብቻ ሆኗል። እናቷ ከጎኑ ናቸው። ተነስቶ አቀፈኝ። ሲያቅፈኝ ምንም እንዳልሰማ ገባኝ። ከተቀመጥን በኋላ እያየኝ «ሄድክላት?» አለኝ።

«ሄድኩላት» አልኩት።

«ነገርካት?»

«ነገርኳት።»

«ቆመህ ነው የነገርካት?»

እናቷ ቀና ብለው አዩኝ። ያን ቀን ውሃ መውረዳቸውን አውቃለሁ። እዚያ ደጅ ላይ ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም፤ እሷም ስለ እኔ ማለፍ እንዳልነገረቻቸው ከአስተያየታቸው ገባኝ።

«ቆሜ ነው። ባጃጅ ይዤ» አልኩ። «ክንዷን ይዤ ለመንኳት። ሳቀችብኝ፤ እጄን አስለቅቃ ገባች።»

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፈነ። የሆነ ነገር ከትከሻው ላይ ሲወርድለት አየሁ።

«አላልኩም?» አሉ እናቷ። «ልጄ ድሮም ሰው አትሰማም። የገዛ ልጇን በእልኋ ገደለችው።»

«ጥፋቱ የራሷ ነዋ» አለ ባሏ። «አላህ ይማራት።»

እኔም አሜን አልኩ።