ገበሩ ላይ የተጠለፈው ስም

ተኳሽ ነኝ። እንዲህ ስል የሚደነግጥ ሰው አይጠፋም፤ የምተኩሰው ግን ልብስ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ጥግ ላይ፣ አንድ ጠረጴዛ አጠገብ፣ ካውያ ይዤ ቆሜአለሁ። እንፋሎቱ ሲነሣ ልብስ ስፌት ቤታችን ፊቴ ላይ ቀስ ብሎ ይጠፋና ቀስ ብሎ ይመለሳል። መጀመሪያ መስኮቶቹ ይጠፋሉ፣ ቀጥሎ የስፌት መኪኖቹ፣ ከዚያ ሰዎቹ። ድምፃቸው ብቻ ይቀራል። በዚያ ነጭ ጭጋግ ውስጥ ቆሜ በሐሳብ ያልዞርኩበት አገር የለም። «ቆማ ታልማለች» ይሉኛል። እጄ እስከሠራ ድረስ ሐሳቤ ቢዞር ማንን ይጎዳል? አንድም ሸሚዝ አቃጥዬ አላውቅም ነበር። እናቴ ያወጣችልኝን ስም ትተው «እንፋሎት» የሚሉኝም ለዚሁ ነው፤ ስሙን ወድጄዋለሁ።

ከፊት ለፊቴ የቆራጩ ጠረጴዛ አለ። ረጅም ነው፤ ጠርዙ ሰው ክንዱን ሲያሳርፍበት ኖሮ ልስልስ ብሏል። እንፋሎቱ ሲገለጥ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማየው የቆራጩን ጀርባ ነው። ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ ጠመኔው ጆሮው ላይ። ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት በመዳፉ ሁለት ጊዜ ይዳብሰዋል፤ ከዚያ መቀሱን ሲያስገባ ቅቤ የሚቆርጥ ይመስላል። እሱን «ማዶ» ነበር የምንለው።

ወላጆቹ ከወንዙ ማዶ የመጡ ናቸው። እሱ የተወለደው እዚሁ ነው፤ ወንዙን በዕድሜው የተሻገረው ሁለት ጊዜ ሲሆን ሁለቱንም ጊዜ ለለቅሶ ነው። እኛ ዘንድ ግን ከዚያ ወገን የሆነ ሁሉ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ማዶ ነው። አንድ መንገድ ላይ ሦስት ካሉ «ማዶ ረጅሙ፣ ማዶ ቀዩ፣ ማዶ ቆራጩ» እንላለን። ልጅ ሳለሁ አልተኛም ስል እናቴ «ለማዶ ነው የምሰጥሽ» ትለኝ ነበር። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። የእናቴም እናት እንደዚያው ትላት ነበር።

ደግሞ «የማዶ ስፌት» የሚባል አባባል አለን። እጅጌ ተጣሞ ሲሰፋ፣ ቁልፍ ያለ ቦታው ሲተከል፣ በር አልገጥም ሲል እንኳን «የማዶ ስፌት» ይባላል። ማን እንዳመጣው አይታወቅም። እሱ የቆረጠው ልብስ አንድ ቀን ተጣሞ አያውቅም፤ ሆኖም የሌላው ሰው ሥራ በተበላሸ ቁጥር እሱ አጠገቡ ቆሞ ይሄንኑ ይሰማል። የምንስቀውም አብረን ነው። እንዲያውም ከሁላችን ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነበር።

ሲጠሩት ግን «አቤት» አይልም። «ማዶ!» ሲባል ጠመኔውን ከጆሮው አውርዶ ከፍ ያደርጋል፤ በቃ፣ ሰማሁ ማለቱ ነው። ዝምተኛ ስለሆነ ይመስለን ነበር። በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣል። አለቃችን በሰባት ዓመት ያንሰዋል፤ አለቃው «ጋሼ» ነው። ዘበኛው ሳይቀር «ጋሼ» ነው። ማዶን «ጋሼ» ያለው ሰው አልነበረም፤ ትናንት የተቀጠረውም አንተ ይለዋል። እሱ ግን እንፋሎት ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። በዚያ ቤት እናቴ ባወጣችልኝ ስም የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት ይሄን ነገር ልብ ብዬው አላውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ወጣት ሰፊ ተቀጠረች። እሷ «አባባ» ትለዋለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ «ለምንድን ነው በወገኑ የምትጠሩት? ስም የለውም እንዴ?» አለችን። ደሜ ፈላ።

«የኔ እመቤት፣ እኛ በፍቅር ነው» አልኳት። «አንቺ ጡት ሳትጥዪ እኛና እሱ እዚህ ነበርን። እሱን ካልከፋው አንቺን ምን አገባሽ?»

«ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?»

ተነሥቼ ሄድኩና ካውያዬን ረግጬ እንፋሎቱን ለቀቅኩት። ዘመኑን ረገምኩ። በእኛ ጊዜ ሰው ተሰዳድቦ፣ ተሳስቆ አብሮ ይውል ነበር፤ አሁን ራዲዮኑም ልጆቹም ቃል ሁሉ አጥንት ይሰብራል ይላሉ። አፋችንን ሰፍተን እንቀመጥ? እንዲህ እያልኩ አንድ ሙሉ ክምር ሱሪ ተኮስኩ። ግን ጥያቄዋ ከእንፋሎቱ ጋር አልተነነም፤ ጆሮዬ ላይ ቀረ።

ቤታችን አንድ ልማድ አለው። ሰው ጡረታ ሲወጣ ኮት እንሰፋለታለን። አንዱ እጅጌውን፣ አንዱ ኪሱን፣ አንዱ ኮሌታውን ይይዛል፤ የሁሉም እጅ ካላረፈበት ኮቱ አያልቅም። በግራ በኩል፣ ልብ ላይ በሚያርፈው ገበር፣ የባለቤቱ ስም ይጠለፋል። ጥልፉ የኔ ሥራ ነው። እስከ መጨረሻዋ ቀን ለባለቤቱ አይነገርም፤ ሁሉም እያወቀ አላወቅኩም ይላል። የወጡትን ሰዎች ሁሉ ኮት የቆረጠው ማዶ ነበር። አሁን የሚወጣው ራሱ ሆነና የእሱን ያቺ ወጣት ሰፊ ቆረጠችው፤ አሮጌ ኮቱን ከተሰቀለበት አውርዳ በድብቅ ለክታ።

እኔም በምሳ ሰዓቴ ጠለፍኩ። ጥቁር ሰማያዊ ገበር ላይ፣ በነጭ ክር፣ ማዶ። ፊደሎቹ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ተጠበብኩባቸው፤ ዙሪያቸውን በቅጠል ሐረግ ከበብኳቸው። እንደዚያ ያማረ ጥልፍ ጠልፌ አላውቅም። እያየሁት ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሰውየውን እወደው ነበራ።

የስንብቱ ቀን ሐሙስ ነበር። ሰኞ ምሳ ላይ ምሳ ዕቃውን ይዞ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀመጠ።

«ሐሙስ ልጄ ትመጣለች» አለኝ።

«እሰይ! ነርሷ?»

«እሷው።» ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት አስቀመጠው። «ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ልትወጋው መርፌ ስታዘጋጅ፣ ‹ማዶዋ አትነካኝም፤ የማዶ ስፌት ክንዴ ላይ አልፈልግም› አላት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሷ ዝም ስትል፣ ‹ምን ያስኮርፍሻል? አባትሽን አውቀዋለሁ፤ እሱ እኮ ሲሉት ይስቃል› አላት።»

ካውያውን አቆምኩት።

«ቤት ገብታ ጋውኗን ሳታወልቅ ፊቴ ቆመች። ‹አባዬ፣ ለምን ትስቅላቸዋለህ?› አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ምን እላለሁ? ስቀጠር ካልሳቅኩ የሚያባርሩኝ መሰለኝ። ከዚያ ለመደብኝ። አሁን ፊቴ ራሱ ይስቃል፤ እኔን አያስፈቅደኝም።» ጠመኔውን ከጆሮው አውርዶ በጣቱ ያሽከረክረው ጀመር። «‹ሐሙስ እመጣለሁ፣ ግን ሲሉህ ስትስቅ ካየሁ ወጥቼ እሄዳለሁ፤ ሁለተኛም ለሰው የማን ልጅ እንደሆንኩ አልናገርም› ብላለች። እሷ አንዴ ካለች አለች ነው። እንደኔ አይደለችም።»

ያኔ ጠየቅኩት።  «ይከፋህ ነበር እንዴ?»

ጠመኔውን ጆሮው ላይ መለሰው። «አንቺ ስትዪኝ ያን ያህል አይደለም። ልብሽን አውቀዋለሁ። ግን አንቺ የምትዪኝና ሰውየው ያላት አንድ ቃል ነው። ለልጄ እንዴት ለያይቼ ላስረዳት?» አለኝና በስሜ ጠርቶኝ፣ «ሻይ ልቀዳልሽ?» ብሎ ተነሣ።

ኮቱ በከረጢት ተጠቅልሎ እግሬ ሥር ነበር።

አለቃው ዘንድ ሄድኩ። «ኧረ ተይ እንፋሎት፣ ሠላሳ ዓመት ያልከፋው ዛሬ ምን ነካው?» አለኝ። ቀጠለና፣ «ደግሞስ ምን ብለሽ ልትጠልፊ ነው? ስሙ ማነው?» አለ። ለካ እኔም አላውቀውም። የሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገቡን ገለጥን፤ እዚያም በእስክሪብቶ ማዶ ነው የሚለው። ቁልፍ የሚተክለውን ቀልደኛ ጠየቅኩት። «ስሙ? ማዶ ነዋ!» ወጣቷን ሰፊ ጠየቅኳት፤ እሷም አታውቅም። እውነቱን ለመናገር እሷም አለማወቋ ትንሽ ደስ አለኝ። ክፉ ነኝ።

እሱን ራሱን ልጠይቀው? ሃያ ስድስት ዓመት ጀርባውን ሳይ ውዬ፣ የቀዳልኝን ሻይ ጠጥቼ፣ ስምህ ማነው ልበለው? ካውያዬ ላይ ብቀመጥ ይሻለኛል። ማክሰኞ እንዲሁ አለፈ፣ ረቡዕም አለፈ። እንፋሎቱ ሲነሣ ወንዙ ይታየኛል። እሱ በዚያኛው ዳር ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይሄዳል። ልጠራው አፌን እከፍታለሁ፤ አፌ ውስጥ ምንም የለም። ውሃው እየሰፋ ይሄዳል፣ እሱ እያነሰ ይሄዳል። በዚያ ሁለት ቀን ሁለት ሸሚዝ አቃጠልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ቀድሜ ገብቼ ምላጭ አነሣሁ። ጥልፍ መፍታት ከመጥለፍ ይብሳል፤ ጨርቁን እንዳትነኪ ትንፋሽሽን ይዘሽ ነው። ሐረጉን ተውኩለት፣ ፊደሎቹን ለቅሜ አወጣኋቸው። ከዚያ እንፋሎት አሳለፍኩበት። መርፌ የወጋው ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ እንፋሎት ሲያገኘው ቀዳዳው ይዘጋል። ይሄኛው ገበር እምቢ አለ። ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ቀዳዳዎቹ አሁንም ያንኑ ቃል ያስነብባሉ።

ከሰዓት በኋላ መኪኖቹ ቆሙ። ቤቱ ጸጥ ሲል የሌላ ሰው ቤት ይመስላል፤ ብናኙ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። ልጁ ከሥራ ቀጥታ መጥታ፣ በነጭ ጋውኗ፣ ቦርሳዋን ወንበር ላይ አድርጋ በሩ አጠገብ ቆመች። እሱ መሀል ላይ ቆሟል፤ ፊቱን ወደ እሷ መልሷል። አለቃው ጥሩ ጥሩ ነገር ተናገረ። ከዚያ ኮቱን ከፍ አድርጎ፣ እንደ ልማዳችን፣ ስሙ እንዲነበብ ግራውን ገበር ገለጠው።

ባዶ ሐረግ።

«ስሙ የታለ?» አለ አለቃው።

«ስም የሌለው ኮት!» አለ ቁልፍ ተካዩ ከኋላ። «የማዶ ስፌት ማለት እንግዲህ ይቺ ናት!»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ከዚያ ሁላችንም እንደ ልማዳችን ወደ እሱ ዞርን፤ ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነው፣ ዛሬ ዘግይቷል። የከንፈሩ ዳር ሲነቃነቅ አየሁ። ልጁ ቦርሳዋን ከወንበሩ አነሣች። እሱ እጁን ወደ አፉ ወስዶ፣ ላብ እንደሚጠርግ ሰው፣ ያን የሳቅ ጅማሮ ጠረገው። አልሳቀም። ሳቃችን እንደሚጠፉ መኪኖች አንድ በአንድ ቆመ።

«ምነው ማዶ፣ ዛሬ ኮራህ?» አለ አለቃው።

እግሬ ከጠረጴዛዬ ጀርባ እንዴት እንዳወጣኝ አላውቅም። «የፈታሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ማዶ ብዬ ጠልፌበት ነበር። ዛሬ ጠዋት ፈታሁት። ሌላ የምጽፈው ስላላወቅኩ ባዶ ቀረ። አፈርኩ፣ መጠየቅም አፈርኩ።»

 ልጁን ሽሽት ዓይኔን ወለሉ ላይ ተከልኩ፤ ወለሉም አላስቀምጥ ሲለኝ ቀና አልኩ። ያኔ ነው ጋውኗ ደረት ላይ ባጇን ያየሁት። የራሷ ስም አለ። ቀጥሎ የአባቷ። የምትሠራበት ክሊኒክ በሙሉ፣ ያ ሽማግሌ ሳይቀር፣ በየቀኑ የሚያነብበው ስም። ሰው ሊያነብበው ከፈለገ ሁልጊዜም እዚያ ተጽፎ ነበር።

መጀመሪያ በከንፈሬ ብቻ አልኩት። ከዚያ «ጋሽ» ብዬ ስሙን አስከትዬ ጠራሁት።

አልዞረም። በዚያ ቤት ስሙን ሰምቶ ስለማያውቅ ሌላ ሰው የተጠራ መሰለው። እንግዳ የመጣ መስሏቸው ወደ በሩ ያዩም ነበሩ። እንደገና፣ ከፍ አድርጌ ጠራሁት።

ልጁ ቦርሳዋን መልሳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። እሱ ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ። ጠመኔው ጆሮው ላይ ነበር፤ እጁን አላነሣም።

«አቤት» አለ።