ትሪገሩን ያጠፋሁበት ከሰዓት በኋላ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሸዋ በር ላይ ሚኒባስ ስጠብቅ የድሮ ኃላፊዬን አንዳንዴ አየዋለሁ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እንዴት ነሽ እህቴ» ይለኛል። በዕድሜ ብዙ እበልጠዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ እርስዎ ብሎኝ አያውቅም። ደህና እላለሁ። ከዚያ በላይ ለእሱ የምነግረው የለኝም።

የቤትና የመሬት መዝገብ በሚይዝ መሥሪያ ቤት ዳታቤዙን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። መዝገብ ላይ አንድ ነገር ሲቀየር፣ ማን መቼ እንደቀየረው በራሱ የሚጽፍና ለባለይዞታው የስልክ መልእክት የሚልክ ትእዛዝ አለ፤ ትሪገር እንለዋለን። የሠራሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሠራሁት ሲል ሰምቻለሁ፤ ይበል።

አንድ ቀን የድሬ ጠያራ ወረዳን የቆዩ መዝገቦች የቀበሌ ቁጥር ባንዴ ማስተካከል ነበረብን። ትሪገሩ ካልታለፈ ገበሬው ሁሉ «ይዞታዎ ላይ ለውጥ ተደርጓል» የሚል መልእክት ሊደርሰውና በማግስቱ በራችን ላይ ሊሰለፍ ነው። ኃላፊው ግማሽ ቀን እንዲሰጠኝ ለመንኩት፤ ትሪገሩ የእኔን ሥራ ብቻ ለይቶ እንዲያልፍ፣ የሌላውን ሰው ግን እንደወትሮው እንዲመዘግብ ላደርግ።

ሰዓቱን አየ። «ከሰዓት በኋላ ማን ይሠራል? ሁሉም በርጫ ላይ ነው። ለሁሉም አጥፊውና ቶሎ ጨርሺ።»

እርግጥ ከምሳ በኋላ ቢሮው ወደ ጫቱ ይበተናል። ትእዛዙን በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ጠየቅኩ፤ ሳቀብኝ። አጠፋሁት። ሥራዬን ጨርሼ መልሼ አበራሁት።

ከወራት በኋላ ባሏ የሞተባት አንዲት የጀጎል ሴት መጣች። ቤቷ በባሏ ወንድም ስም ዞሯል፤ መልእክት አልደረሳትም። ማን እንዳዞረው መዝገቡ አይናገርም። በየማታው የምናስቀምጠውን ቅጂ አገላበጥኩ። ትሪገሩን ካጠፋሁበት ቀን በፊት በነበረው ማታ ስሟ አለ፤ በዚያ ቀን ማታ የለም። በርጫ ያልሄደ ሰው ነበረ ማለት ነው።

ስብሰባ ተጠራ። ቤቱን ማን እንዳዞረ ያልጻፈው ዳታቤዝ፣ ትሪገሩን ማን እንዳጠፋ ጽፎታል፤ የእኔ ስም ነው። ኃላፊው ጠረጴዛውን እያየ እንዲህ ያለ ነገር አላዘዝኩም አለ። ትእዛዙን የሰሙ ሁለት ባልደረቦቼም ጠረጴዛውን አዩ።

ለሴትዮዋ አፎቻዋ፣ በሐዘንም በሠርግም የማይለዩዋት ጎረቤቶቿ፣ መስክረው ቤቷን አስመለሱላት። ወረቀቷን ይዛ ስትወጣ እኔ ጋ ቆመች። «አንቺ እንዳልሆንሽ አላህ ያውቃል» አለች። «ግን እህቴ፣ ለምን አጠፋሽው?»

በዚያ ስብሰባ የተጻፈብኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከፋይሌ ሳይነሳ ጡረታ ወጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ሸዋ በር ላይ እንደገና ሰላም ሲለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ብዬ፣ ያን ከሰዓት ታስታውሰዋለህ ወይ አልኩት።

«የቱን?» አለ።

ሚኒባሱ መጣ። የቀረው ቦታ አንድ ነበር፤ ገባሁ።