ትከሻዬን ያወለቀው የቆርቆሮ ብረት

ዛሬ ጠዋት ካፖርቴን ስለብስ ቀኝ ትከሻዬ ቋ ብሎ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ደንግጦ «ጋሼ፣ ተሰበሩ እንዴ?» አለኝ። «አይዞህ፣ ከስልሳዎቹ ጀምሮ እንደዚህ ነው የሚያወራው» አልኩት።

ያኔ አሰበ ተፈሪ ውስጥ ክብደት አንሺ ጎረምሳ ነበርኩ። ብረታችን ሲሚንቶ የሞላንባቸው ሁለት የዘይት ቆርቆሮዎች ነበሩ፤ በቧንቧ አያይዘናቸው።

ከጎረቤታችን ከተማ ከበደሳ ልጆች ጋር ልንወዳደር ስንል ትከሻዬ ወለቀ። ወጌሻዋ አዴ ፋጡማ ወደ ቦታው መልሰው በቅቤ እያሹ፣ «አሁን ብታነሳ እጅህን እርሳው» አሉኝ።

«በደሳዎች ፈሪ ይሉኛል እኮ፣ አዴ!»

«ይበሉሃ! ፈሪ በገዛ እጁ ይጎርሳል። አንተን ማን ሊያጎርስህ ነው?»

የውድድሩ ቀን እጄን በነጠላ አንጠልጥዬ ተመልካች ሆንኩ። የበደሳው ጉልቤ ብረታችንን ገና ደረቱ ላይ ሲያደርሰው ወደ ቀኝ ተንጋደደና ጣለው። ለካ ሲሚንቶ ያነሰን ጊዜ የአንዱን ቆርቆሮ ጉድለት በብረታ ብረት ሞልተነው፣ ከባዱ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ነበር። አዙሮ ለማንሳት ያሰበ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም!

ሰውየው ትከሻውን እያሻሸ አጠገቤ ተቀመጠ። «ወንድሜ፣ ይሄን እስከዛሬ እንዴት ቻልከው?» አለኝ። ፈሪ ያለኝ አልነበረም።

እናንተም በገዛ እጃችሁ የሠራችሁት ብረት የጎዳችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ሞኙ እኔ ብቻ አልሁን።